ከፌስቡክ በፊት የነበሩት ቢሮዎች

በ2011 መግቢያ ላይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበርኩ (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በግቢያችን የተማሪዎች ክበብ ውስጥ አንድ ቴሌቪዥን ነበር፤ ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ በቀር ሌላ ነገር ሲታይበት አላስታውስም። በዚያ ሰሞን ግን ኳስ ወዳዶቹ ራሳቸው «አልጀዚራን ክፈቱልን» ማለት ጀመሩ። የሻይ ብርጭቆ ይዘን፣ ወንበር ያላገኘው ቆሞ፣ ታህሪር አደባባይን እናይ ነበር። ከመካከላችን ፌስቡክ የነበረው ጥቂት ሰው ነው፤ እሱም በላይብረሪው ኮምፒውተር ወረፋ ጠብቆ የሚገባ። ያም ሆኖ ሁላችንም «ይህን ያደረገው ፌስቡክ ነው» ብለን አምነናል። ወሩ ሳያልቅ እኔም አካውንት ከፈትኩ።

ያ እምነት ለብዙ ዓመታት አልለቀቀኝም። ዛሬም የአረቡ ዓለም አብዮት ሲነሣ ወሬው ሁለት መልክ ብቻ ነው ያለው። አንዱ «ወጣቶች በስልካቸው አምባገነን ጣሉ» ይላል። ሌላው «ፌስቡክ አገር አፈረሰ» ይላል። የሚጣሉ ይመስላሉ እንጂ በዋናው ነገር ይስማማሉ፤ ሁለቱም ሥራውን የሠራው ስልኩ ነው ባዮች ናቸው። እኔ የነዚያን ዓመታት ታሪክ ወደ ኋላ ተመልሼ ሳነብ ያገኘሁት ሌላ ነው። ስልኩ ሰው ጠርቷል፤ አይካድም። የተጠራው ሰው ሲታሰር ጠበቃ ያቆመለት፣ ሲገደል ስሙን የመዘገበለት፣ አደባባዩ ሲበተን ተሰብስቦ ቀጣዩን የወሰነለት ማን ነው? ከፌስቡክ በፊት የነበሩ፣ ብዙዎቻችን ስማቸውን እንኳ የማናውቃቸው ማኅበራትና ቢሮዎች ናቸው። ይህን ነገር ደግሞ ከአክቲቪስቶቹ ቀድመው የተረዱት መንግሥታቱ ናቸው።

እስቲ ከማሃላ እንጀምር።

ማሃላ አል ኩብራ ከካይሮ በስተሰሜን፣ በናይል ደለል ላይ ያለች የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ናት። በ2006 ዲሴምበር በዚያ የሚገኘው ግዙፍ የመንግሥት ፋብሪካ ሠራተኞች ቃል የተገባልን ጉርሻ አልተከፈለንም ብለው ሥራ አቆሙ። ቁጥራቸው ከ20,000 በላይ ነበር። ቀድመው ማሽን ያቆሙት ሴቶቹ ናቸው። መንግሥት ጉርሻውን ሊከፍል ተገደደ። ወሬው ወደ ሌሎች ፋብሪካዎች ተዛመተና ግብፅ ለብዙ ዓመታት ያላየችው የአድማ ማዕበል ተነሣ። ልብ በሉ፤ የግብፅ ሠራተኞች ማኅበራት ፌዴሬሽን የሚባለው ድርጅት ከ1957 ጀምሮ ነበረ፤ ግን የመንግሥት እጅ ነበር። ሠራተኞቹ አድማውን የመቱት ከራሳቸው ማኅበር ጋር እየታገሉ ነው።

በ2008 የዳቦ ዋጋና የዳቦ ሰልፍ ሕዝቡን ሲያስመርረው የማሃላ ሠራተኞች ለኤፕሪል 6 ሌላ አድማ ጠሩ። ካይሮ ውስጥ እስራ አብደል ፋታህና አህመድ ማህር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ይህን ሰምተው አድማውን የሚደግፍ የፌስቡክ ግሩፕ ከፈቱ። ወደ 70,000 የሚጠጋ ሰው ገባበት። በዕለቱ ፖሊስ ገና ሳይነጋ ፋብሪካውን ስለያዘው አድማው ከሸፈ፤ ከሰዓት በኋላ ግን የከተማው ሕዝብ ራሱ ወጣ። የሙባረክ ትልቅ ፎቶግራፍ ወርዶ ሲረገጥ በስልክ ተቀርጾ ዓለም አየው። «የኤፕሪል 6 ንቅናቄ» የሚባለው ስሙን ያገኘው ከዚያ ቀን ነው።

አሁን የሚረሳውን ክፍል ልንገራችሁ። በ2009 በዚያው ቀን፣ ያው ግሩፕ፣ ያው ጥሪ ተደገመ። የአባላቱ ቁጥር አልቀነሰም። አገሪቱ ግን እንደ ወትሮዋ ውላ ገባች። በመጀመሪያው ዓመት ከጥሪው ጀርባ ማሃላ ነበረች፤ በሁለተኛው ዓመት ጥሪው ብቻ ነበር።

ከፋብሪካው ሌላ ደግሞ የጠበቆቹ ቢሮ አለ። በ2002 የወጣው የግብፅ የማኅበራት ሕግ (ቁጥር 84) ለሚኒስቴሩ ማኅበርን የማገድ፣ ለቦርድ የሚወዳደረውን ሰው የመቃወም፣ ከውጭ የሚመጣ ገንዘብን የመፍቀድና የመከልከል ሥልጣን ሰጠ። (የእኛን አዋጅ ቁጥር 621/2009 የሚያስታውስ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ቢል አይፈረድበትም።) ስለዚህ ብዙዎቹ የሰብአዊ መብት ድርጅቶች እንደ ማኅበር አልተመዘገቡም፤ እንደ ጥብቅና ቢሮ ወይም እንደ ኩባንያ ነው የቆሙት። ከነዚህ አንዱ በ1999 የተቋቋመው የሂሻም ሙባረክ የሕግ ማዕከል ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ አህመድ ሰይፍ አል ኢስላም በ1980ዎቹ በግራ ዘመም ፖለቲካ ታስሮ፣ ተሠቃይቶ፣ እስር ቤት ሆኖ ሕግ የተማረ ሰው ነው። ልጁን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጦማሪው አላ አብደል ፋታህ ነው። አባት በፍርድ ቤት፣ ልጅ በጦማር። አንድ ቤት ውስጥ የነበሩ ሁለት ትውልዶች ናቸው እንጂ አንዱ ሌላውን የተካ አይደለም።

አብረው ሲሠሩ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ጉዳይ አለ። በ2006 ቡላቅ አል ዳክሩር በተባለው ሰፈር ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ አንድ የሚኒባስ ሹፌር ሲሠቃይ ፖሊሶቹ ራሳቸው በስልክ ቀረጹት፤ ቪዲዮውን የሥራ ባልደረቦቹ አይተው እንዲያፍር ብለው ነው። ቪዲዮው ጦማሪው ዋኢል አባስና ሌሎች ጦማሪዎች እጅ ገባና ወጣ። ጋዜጠኞች ተከታትለው ሰውየውን አገኙት። ጠበቃ ክሱን ያዘ። በ2007 ኖቬምበር ሁለት የፖሊስ አባላት የሦስት ሦስት ዓመት እስር ተፈረደባቸው። ቪዲዮው ብቻውን ቢሆን ኖሮ ሰውየው ዕድሜ ልኩን የሚሸማቀቅበት ነገር ሆኖ ይቀር ነበር።

የ2011ዱን ታሪክ በሰፊው ስለምታውቁት በአጭሩ ልለፈው። በ2010 ጁን እስክንድርያ ውስጥ ፖሊስ ኻሊድ ሰኢድን ደብድቦ ገደለው። በዱባይ የጎግል ሠራተኛ የነበረው ዋኢል ጎኒም «ሁላችንም ኻሊድ ሰኢድ ነን» የሚለውን ገጽ ከፈተ፤ ከአብዱራህማን መንሱር ጋር ሆኖም አስተዳደረው። ለፖሊስ ቀን፣ ለጃንዋሪ 25 ሰልፍ ተጠራ። የሰልፉ መነሻ ቦታዎች በፌስቡክ ታወጁ፤ ፖሊስም እነዚያን ቦታዎች ዘጋ። አዘጋጆቹ ያላወጁት አንድ ቦታ ግን ነበራቸው፤ ያቺው ቡላቅ አል ዳክሩር። በእግር እየዞሩ፣ ከሰው ጋር አፍ ለአፍ እየተነጋገሩ ያደራጇት ናት። ታህሪር ድረስ ሰብሮ ከገባው ሰልፍ አንዱ ከዚያች ሰፈር የተነሣው ነው።

ከሁለት ቀን በኋላ ሌሊት መንግሥት የአገሪቱን ኢንተርኔት ዘጋ። በማግስቱ፣ በጃንዋሪ 28፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ከዚያ በፊት ከታየው ሁሉ የሚበልጥ ሕዝብ ወጣ። ኢንተርኔቱ ሲዘጋ ቤቱ ቁጭ ብሎ ይከታተል የነበረው ሰውም ወንድሙ የት እንዳለ ለማወቅ ሲል መውጣት ነበረበት። ፌስቡክ አብዮቱን ሠራው ለሚል ሰው ይህች ቀን ከባድ ጥያቄ ናት።

ሁለት ቀኖችን ጎን ለጎን ላስቀምጥላችሁ። በፌብሩዋሪ 2 መንግሥት ኢንተርኔቱን መልሶ ከፈተ። በፌብሩዋሪ 3 ወታደራዊ ፖሊስ የሂሻም ሙባረክ ማዕከልን ቢሮ ወረረ። በዚያ ቢሮ ውስጥ ለታሰሩ ሰልፈኞች ጠበቃ የሚመድቡ፣ የቆሰለና የጠፋ ሰው ስም በስልክ ተቀብለው የሚመዘግቡ ሰዎች ነበሩ። አህመድ ሰይፍን ጨምሮ ይዘዋቸው ሄዱ። የካይሮ ሹማምንት ፌስቡክን ሊለቁት የሚችሉት፣ ያንን ቢሮ ግን ሊለቁት የማይችሉት ነገር መሆኑን በዚያ ውጥረት መካከል እንኳ ለይተው አውቀዋል።

ሙባረክ የወረደው በፌብሩዋሪ 11 ነው። በመጨረሻዎቹ ሦስት ቀናት ከስዊዝ ቦይ አገልግሎት ኩባንያዎች እስከ ካይሮ አውቶቡሶች ድረስ ሠራተኞች አድማ መትተው ነበር። ይህ በቴሌቪዥናችን ብዙም አልታየም፤ ካሜራው ታህሪር ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ የመጣው የቁጥር ነገር ነው። በማርች 19 የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሕዝበ ውሳኔ ተደረገ። የታህሪር ወጣቶች በፌስቡክ ላይ «አይሆንም በሉ» ብለው ቀሰቀሱ፤ ኢንተርኔቱን ያየ ሰው ያሸንፋሉ ብሎ ነበር። 77 በመቶው «ይሁን» አለ። በቀጣዩ የምክር ቤት ምርጫ ከመቀመጫው ግማሽ የሚጠጋውን የሙስሊም ወንድማማቾች ፓርቲ ወሰደ፤ ሩብ ያህሉን ሰለፊዎቹ። በየሰፈሩ ክሊኒክ፣ የዘካ ገንዘብ፣ በስም የሚያውቁት አባል የነበራቸው እነሱ ናቸው። በወንድማማቾቹ ሐሳብ መስማማት አያስፈልግም ይህን ለማየት። የታህሪር ልጆች ሰው ነበራቸው፤ በየወሩ የሚሰበሰብበት ክፍል አልነበራቸውም። ይህ ደግሞ ስንፍናቸው አይደለም። እነሱ ሳይወለዱ ጀምሮ ክፍል እንዳይኖራቸው በሕግ ሲሠራ ነበር።

መንግሥት ግን የተማረውን አልረሳም። በ2011 መጨረሻ፣ ጄኔራሎቹ ሲገዙ፣ የአገር ውስጥና የውጭ ድርጅቶች ቢሮዎች በአንድ ቀን ተፈተሹ፤ በ2013፣ ሙርሲ ሲገዛ፣ 43 ሠራተኞቻቸው ተፈረደባቸው (አብዛኞቹ በሌሉበት፤ ከዓመታት በኋላ ፍርዱ ተሽሯል)። በዚያው ዓመት መጨረሻ፣ ሲሲ ወንበሩ አጠገብ ሲደርስ፣ የሰልፍ ሕጉ ወጣ። አህመድ ማህር ሦስት ዓመት ተፈረደበት፤ ኤፕሪል 6 በፍርድ ቤት ታገደ። በ2017 ከቀድሞው የባሰ የማኅበራት ሕግ መጣ። ከ5,000 በላይ ተከታይ ያለውን የግል ገጽ እንደ መገናኛ ብዙኃን የሚቆጥረው ሕግ የወጣው በ2018 ነው፤ ከማኅበራቱ ሕግ በኋላ። ቅደም ተከተሉን እዩት። ዋኢል ጎኒም ራሱ በ2015 ንግግሩ ማኅበረሰብን ነፃ ለማውጣት ኢንተርኔት ይበቃል ማለቱ ስሕተት እንደነበር በግልጽ ተናግሯል። ለዚህ አከብረዋለሁ፤ በእኛ አገር አክቲቪስት ነኝ ከሚል ሰው ይህን ሰምቼ አላውቅም።

ቱኒዝያ ደግሞ ተቃራኒውን ታሳያለች፤ ቢያንስ ለአሥር ዓመት።

በቤን አሊ ዘመን የቱኒዝያ ኢንተርኔት ሳንሱር ክፉኛ የጠበቀ ነበር። ገጽ ሲዘጋ ስክሪኑ ላይ 404 የሚል የስሕተት መልእክት ስለሚወጣ ሕዝቡ ለሳንሱሩ ስም አወጣለት፤ «ዓማር 404»። ዙሄር ያህያዊ የተባለ ወጣት በድረ ገጹ ላይ አንባቢዎቹን ጠየቀ፤ ቱኒዝያ ሪፐብሊክ ናት? ንጉሣዊ አገር? መካነ እንስሳት? ወይስ እስር ቤት? በ2002 ከኢንተርኔት ካፌ ተያዘ። በ2005፣ ከእስር በወጣ በሁለተኛው ዓመት፣ በልብ ሕመም ሞተ። በዚያው ዓመት ኖቬምበር የተባበሩት መንግሥታት ዓለም አቀፍ የኢንፎርሜሽን ጉባኤውን ያካሄደው የት ይመስላችኋል? ቱኒስ። ከጉባኤው በፊት ስምንት ታዋቂ ሰዎች በአንድ ጠበቃ ቢሮ ውስጥ የረሃብ አድማ አድርገው እስላሚስቱም ግራ ዘመሙም በአንድ ጥያቄ ተሰለፈ። ይኸውም ቢሮ ነው።

የቱኒዝያ ትልቁ ነገር ግን በፈረንጅኛ ምሕፃሩ ዩጄቴቴ የሚባለው የሠራተኞች ማኅበር ነው። በ1946 የተመሠረተ፤ መሥራቹ ፋርሃት ሃሸድ በ1952 ለቅኝ ገዢዎች በቆሙ ነፍሰ ገዳዮች የተገደለ። ከነፃነት በኋላ አንድ ጊዜ ከመንግሥት ጋር፣ አንድ ጊዜ ከመንግሥት በተቃራኒ እየሆነ ኖሯል። ንጹሕ ድርጅት አልነበረም። በ2008 በጋፍሳ የፎስፌት ማዕድን አካባቢ ወጣቶች የቅጥር ውጤቱ በዘመድ ነው ብለው ሲነሡ፣ የማኅበሩ የጋፍሳ መሪ ራሱ የገዢው ፓርቲ የምክር ቤት አባል፣ በዚያ ላይ ለኩባንያው ሠራተኛ በኮንትራት የሚያቀርብ ድርጅት ባለቤት ነበር። ንቅናቄውን የመሩት የረደየፍ ከተማ ተራ የማኅበሩ አባላት፣ መምህራን ናቸው። ለወራት ቆየ፤ ተቀረጸ፤ ግን ከተራራው አልወጣም። ፖሊስ ከበበው፤ መሪዎቹ ታሰሩ፤ የዘገበው ጋዜጠኛ ፋህም ቡካዱስም ታሰረ። በዚያው ክረምት ፌስቡክ ራሱ ለጥቂት ሳምንታት ተዘጋ።

በ2010 ዲሴምበር 17 መሐመድ ቡአዚዚ በሲዲ ቡዚድ ራሱን ሲያቃጥል ሁለት ነገሮች ተገናኙ። አንደኛው ስልክ ነው። ዘመዱ የእናቱንና የሕዝቡን ተቃውሞ ቀርጾ በኢንተርኔት ለቀቀው፤ አልጀዚራ ወስዶ አሳየው። ጦማሪዋ ሊና ቤን መህኒ ወደ ውስጥ አገር ሄዳ የሞቱትን በካሜራዋ መዘገበች። ሁለተኛው የማኅበሩ ቢሮዎች ናቸው። በየአውራጃው ዋና ከተማ አንድ የዩጄቴቴ ቢሮ አለ፤ ሰልፈኛ የሚሰበሰብበት፣ ፖሊስ ሲያባርር የሚገባበት። ከታች ያሉት አባላት ከላይ ያሉትን ገፉ፤ ላይኞቹም በጃንዋሪ 11 አውራጃዎች አድማ እንዲመቱ ፈቀዱ። በማግስቱ ሰፋክስ ቆመች። በ14ኛው ቀን ቱኒስ። በዚያ ምሽት ቤን አሊ ወደ ሳዑዲ በረረ።

በ2013 ሁለት የተቃዋሚ መሪዎች በጥይት ተገድለው አገሪቱ እንደ ግብፅ ልትሆን ስትል ደግሞ ያው ማኅበር፣ የአሠሪዎች ማኅበሩ፣ የጠበቆች ማኅበሩና በ1970ዎቹ የተቋቋመው የሰብአዊ መብት ሊግ ተፋላሚዎቹን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። በ2014 ሕገ መንግሥቱ ጸደቀ፤ በ2015 አራቱ የኖቤል ሰላም ሽልማት ወሰዱ። ያን ድርድር በሃሽታግ ማካሄድ አይቻልም ነበር።

እዚህ ላይ ባቆም ጽሑፉ ያምርልኝ ነበር። ታሪኩ ግን አላቆመም። በ2019 ቃይስ ሰኢድ የተባሉ የሕገ መንግሥት መምህር ያለ ፓርቲ፣ ያለ ቢሮ፣ በበጎ ፈቃደኞች የፌስቡክ ግሩፖች እየተደገፉ ከ72 በመቶ በላይ አግኝተው ፕሬዚዳንት ሆኑ። በሕዝቡና በመሪው መካከል ፓርቲም ሆነ ማኅበር መግባት የለበትም የሚሉ ሰው ናቸው። በ2021 ጁላይ 25 ፓርላማውን ዘጉ። ብዙ ሕዝብ በደስታ ወጣ፤ ዩጄቴቴም አመነታ። በ2022 የወጣው አዋጅ 54 በኢንተርኔት ላይ ሐሰተኛ ወሬ አሰራጭቷል የተባለን ሰው እስከ አምስት ዓመት፣ የተነካው ባለሥልጣን ከሆነ እስከ አሥር ዓመት ያሳስራል። በ2024 ሜይ አንዲት ጠበቃ በቴሌቪዥን በተናገረችው ነገር በዚህ አዋጅ ስትፈለግ ወደ ጠበቆች ማኅበር ሕንፃ ገባች። ፊታቸውን የሸፈኑ ፖሊሶች እዚያው ገብተው ወሰዷት። ኖቤል ከተሸለሙት አራቱ የአንዱ ቤት ነው።

ወደ እኛ እንቅረብ። ሱዳን የአረብ ሊግ አባል ናት፤ ለኛ ግን ጎረቤት ናት። በ1964ም በ1985ም የካርቱም ወታደራዊ መንግሥታት የወደቁት በሐኪሞች፣ በጠበቆች፣ በመምህራንና በባቡር ሠራተኞች አድማ ነው። አልበሽር በ1989 ሥልጣን እንደያዙ ማኅበራቱን ያፈረሱት ይህን ስለሚያውቁ ነው። የሱዳን ባለሙያዎች ማኅበር የሚባለው፣ በ2018 መጨረሻ በፌስቡክ ገጹ የየሳምንቱን ሰልፍ ያወጣ የነበረው ድርጅት፣ የፈረሱትን ማኅበራት በኅቡዕ መልሶ የሰበሰበ ነው። መጀመሪያ ያዘጋጀው ሰልፍ ስለ ዝቅተኛ ደመወዝ ነበር። እንደ ማሃላ።

በ2019 ጁን 3 በካርቱም የተቀመጠው ሕዝብ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ከመቶ በላይ ሰው ሲገደል ኢንተርኔቱ ከአንድ ወር በላይ ተዘጋ። ጠቅላይ ሚኒስትራችን ሊሸመግሉ ካርቱም የሄዱት በዚያው ሳምንት ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ለጁን 30 ሰልፍ ተጠራ፤ የየሰፈሩ የተቃውሞ ኮሚቴዎች በር እያንኳኩ፣ ወረቀት እያደሉ፣ ግድግዳ ላይ እየጻፉ። መቶ ሺዎች ወጡ። በ2023 ጦርነቱ ሲፈነዳ እነዚያው የሰፈር ልጆች የወጥ ድስት ጥደው የተከበበውን ሕዝብ መመገብ ጀመሩ። ስለ ዲጂታል አክቲቪዝም ከተጻፈው ብዙ መጽሐፍ ይልቅ ያቺ ድስት ብዙ ነገር ታስረዳኛለች።

የመጨረሻው ታሪክ የእኛው ነው። በ2012 ቤይሩት፣ ቆንስላችን በር ላይ፣ አንዲት ኢትዮጵያዊት የቤት ሠራተኛ እየተጎተተች በግድ መኪና ውስጥ ስትገባ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጣ። ከቀናት በኋላ ሆስፒታል ውስጥ ሕይወቷ አለፈ። ስንቶቻችን አልቅሰን ሼር እንዳደረግነው አስታውሳለሁ፤ እኔም አድርጌአለሁ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኛን አይጨምርም። በ2015 ከብዙ አገር የመጡ የቤት ሠራተኞች ተሰብስበው የሠራተኛ ማኅበር መሠረቱ፤ የሥራ ሚኒስትሩ ሕገ ወጥ ነው አሉት። በ2017 ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች «እኛ ለእኛ በስደት» የሚል ማኅበር አቋቋሙ። መዋጮ፣ ስብሰባ፣ የታመመች መጠየቅ፤ ዕድር ማለት ይቀላል።

በ2020 ጁን የሊባኖስ ገንዘብ ሲወድቅ አሠሪዎች ሠራተኞቻቸውን እያመጡ በዚያው ቆንስላ በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ፤ አንዳንዶቹ ሻንጣቸውን ብቻ ይዘው፣ ያለ ደመወዝ፣ ያለ ፓስፖርት። ፎቶው በየስልካችን ዞረ። ሼር ስናደርግ እኛ አዲስ አበባ ነበርን። ምግብ ይዘው፣ የቤት ኪራይ ከፍለው፣ የአውሮፕላን ትኬት እያሰባሰቡ የደረሱላቸው ከሦስት ዓመት በፊት ቁጭ ብለው መዋጮ ማዋጣት የጀመሩት እነዚያ ሴቶች ናቸው።